የጋሽ ዝግታ ጎማዎች

«ለማይነዱት መኪና አዲስ ጎማ? ለዚያውም ዛሬ ለሚሸጥ?» አለ ታላቅ ወንድሟ በሻይ ብርጭቆው ላይ እንዳጎነበሰ። ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎታል። ከኩሽናው እስከ አባታቸው መኝታ ያለው ግን አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ እሱም ቢሆን በር የለውም፣ መጋረጃ ነው ያለው። እታለም ዳቦውን ቆርጣ ሳህኑ ላይ ደረደረች፤ ስኳሩን አቀረበችለት። ከመጋረጃው ወዲያ የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ሰማች፤ ከዚያ ጸጥ አለ። አባቷ ነቅተዋል ማለት ነው። ነቅተው፣ ሰምተው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል ማለት ነው።

እታለም የሚለውን ስም ያወጣላት ይኸው ወንድሟ ነው። ልጆች ሳሉ እሱ «እታለም» ሲላት እሷ «ወንድማለም» ትለው ነበርና ቤቱም ሰፈሩም በዚያው ለመደው፤ አሁን እሷ ሠላሳ ሰባት እሱ አርባ አራት ዓመት ሆኗቸው እንኳ እንደዚያው ይጠራራሉ። እሷ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ክፍል ውስጥ የተቀደደ አንሶላ ስትጠግን ትውላለች። እሱ አንዲት ፎርዊል መኪና አለችው፤ ለመንገድ ሥራ ድርጅት በወር እያከራየ ሦስት ልጆች ያሳድግባታል። እሱ አግብቶ ወጣ፣ እሷ ከአባቷ ጋር ቀረች። የአባታቸውን የዓይን ጠብታ በየወሩ የሚገዛው ግን እሱ ነው። ይህን ማንም አይክድበትም፤ እሱም ማንም እንዲረሳው አይፈልግም።

አባታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት የመንገድ ቀያሾችን ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። ቁልቁለት ሲደርሱ በከባድ ማርሽ፣ አንድ እጃቸውን መሪው ላይ አንዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የሰው መኪና ሁሉ እየሳቀ ሲያልፋቸው ዝም ብለው ይወርዱ ስለነበር ጓደኞቻቸው «ዝግታ» አሏቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ከእጃቸው ወድቆ አልተጎዳም። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ይነዷት የነበረችውን ሣጥን የመሰለች ረጅም ፎርዊል በቅናሽ ሸጠላቸው፤ ጥቂት ዓመት እቃና ሰው እየጫኑ ሠሩባት። ከዚያ ዓይናቸው ከዳር ከዳር እየተበላ መጣ፤ መጨረሻ ላይ ዓለምን የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ግቢ አስገብተው አቆሙ፣ ቁልፉን ነቅለው እታለም እጅ ላይ አደረጉና «ከእንግዲህ አልነካትም» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም፣ ማንም አላስገደዳቸውም። መንዳት አስተምረዋት ስለነበር እሷ ሐኪም ቤት ስትወስዳቸው ብቻ መኪናዋ ትነቃነቃለች። ኢንሹራንሱና ዓመታዊ ምርመራው ግን ቆማም አይምርም። በቀደም ራሳቸው፣ «ቆማ ከምትበሰብስ ሰው ይጠቀምባት፤ ሽጡልኝ» አሉ።

ገዢም ተገኘ። ከከተማ ወጣ ብሎ ከገደሉ ማዶ ያለ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው፤ ሰኞ ሰኞ መምህራኑን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የራሱን ቤተሰብ የሚያመላልስበት መኪና ይፈልጋል። ባለፈው እሑድ መጥቶ አየ፣ ወደደ፣ ሁሉን ጨረሱ። ሊወጣ ሲል ብቻ የፊት ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና «ይኼ ግን ሙልጭ ብሏል» አለ። ጎማው ካልተቀየረ ከዋጋው ላይ አርባ ሺህ ይቀነሳል ተባለ። ወንድሟ ሂሳቡን ወዲያው ሠራው፤ ያገለገለ ጎማ አንዱ ሰባት ሺህ፣ አራቱ ሃያ ስምንት፣ ጎኑን ጥቁር ቀለም መቀባት፣ አለቀ። አባታቸው ግን አዲስ ይገዛ ብለው ነበር። ዛሬ በጠዋት የመጣውም ሃያ ስምንት ሺውን ሊያስቀምጥ ነው። ርእሰ መምህሩ አሥር ሰዓት ላይ ውሉን ሊፈርም ይመጣል።

«ይዘሻቸው ሂጂ፤ ደስ ይበላቸው» አለ ወንድሟ ገንዘቡን ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ እያስቀመጠ። «መምረጥ ይወዳሉ። ግን ካገለገለው እንዳታልፊ።»

አባታቸው መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን አድርገው፣ በመዳፋቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወንበራቸው ጋ ደረሱና ቁጭ አሉ። «እንደምን አደርክ?» አሉ ወደ ልጃቸው አቅጣጫ። «እንደምን አደሩ አባባ» አለ። የልጆቹን ደህንነት ጠየቁት፣ ደህና ናቸው አለ። ስለ መኪናዋ፣ ስለ ጎማው፣ ቅድም ስለ ሰሙት ምንም አልተናገሩም። እሱም ሻዩን ጨርሶ፣ ሰዓቱን አይቶ ወጣ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው አባቷ ዳቦውን በሻይ እየነከሩ «ሰው እኮ ነው የሚጫንባት» ያሉት፤ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አልገባትም።

የጎማ ሻጮቹ መንገድ ሁለቱም ዳር በጎማ የተከመረ ነው። ገና ከመኪና ሳይወርዱ የላስቲክ ሽታው ይቀበላቸዋል፤ ከግራም ከቀኝም «ምን ልስጥሽ እህቴ፣ ቁጥሩን ንገሪኝ» የሚል አለ። እታለም መኪናዋን ጥግ አስይዛ አባቷን በክንዳቸው ይዛ ወረደች። አንድ አሮጌ ጎሚስታ ከሚነፋው ጎማ ላይ ቀና ብሎ አያቸውና እጁን በሱሪው ጠርጎ መጣ። «ጋሽ ዝግታ፣ እርስዎ ነዎት? እኔ እኮ ሞተዋል ብዬ ተቀምጫለሁ» አላቸው። «ቀስ እያልኩ ነው፤ እደርሳለሁ» አሉት። ሁለቱም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ አባቷ ከቤት ውጪ ሲቀልዱ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው።

መጀመሪያ የገቡበት ሱቅ መስታወት ያለው፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ነበር። ጎማዎቹ እንደ ጌጥ በመደርደሪያ ላይ ተሰቅለዋል። አንዱ ሃያ ስምንት ሺህ። ወንድሟ ለአራት ያስቀመጠው ገንዘብ ለአንድ ማለት ነው። አባቷ «ጥሩ ጎማ ነው፤ ይኼ የሀብታም ነው» ብለው እንደ ጎረቤት ልጅ መታ መታ አድርገውት ወጡ።

ሁለተኛው ያገለገለ የሚሸጥበት ነው፤ ሱቅ እንኳ አይባልም፣ የቆርቆሮ ጥላ ነው። ሻጩ ወፍራም፣ ወሬ የሚችል ሰው ነው፤ አራት ጎማ እያንከባለለ አመጣና ደረደረላቸው። ጥልቅ ጥርስ አላቸው፣ ጎናቸው እንደ አዲስ ጫማ ያብረቀርቃል። ሰባት ሺህ ብሎ ጀመረ፣ ሳይጠይቁት ስድስት ተኩል አደረገው። እታለም ልቧ ሄደላቸው። አባቷ ግን ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን እስኪነካ ድረስ ጎማውን ወደ ፊታቸው አቀረቡትና አሸተቱት። መሐረባቸውን በምራቃቸው አርሰው አንድ ቦታ ላይ አጥብቀው አሹት፤ መሐረቡ ጠቆረ፣ ከቀለሙ ሥር እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ግራጫ ላስቲክ ወጣ። ከዚያ ጣታቸውን በጎኑ ላይ እያስሄዱ አንድ ቦታ ላይ አቆሙና «እዚህ ጋ አራት አሃዝ አለ፤ አንብቢልኝ» አሏት። አነበበችላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ነው የሚናገሩት አሏት። ጎማው አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር።

«ጥርሱ እኮ ሙሉ ነው አባት» አለ ሻጩ።

«የሬሳም ጥርስ ሙሉ ሊሆን ይችላል» አሉት። ሰውየው አልተቀየመም፤ ሳቀና ጎማዎቹን እያንከባለለ መለሳቸው። አባቷ ሲራመዱ አስረዷት፤ ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፣ እንደ እንጨት ይሆናል፣ ቆሞ ሲታይ ምንም አይልም። በደረቅ መንገድም ላያሳይ ይችላል። አስፋልቱ ሲርስ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ሰው ጭነህ ፍሬን ስትይዝ ነው ጉዱ። ያን ጊዜ ደግሞ ሻጩ አጠገብህ የለም። እሷን ሲያናግሩ እንደ ወንድ «አንተ» ማለታቸውን አላስተዋሉትም፤ ለስንት ረዳት ሹፌር በዚህ ቃል ነግረውት ይሆን አለች በልቧ።

ሦስተኛው ሱቅ የአንዲት ሴት ነበር፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሁለት ጎማ ደራርባ ላዩ ላይ የተቀመጠች ባለሱቅ። ስሙ ብዙም ያልታወቀ አዲስ ጎማ አላት፤ አንዱ አሥራ ሰባት ሺህ ተኩል። አባቷ እዚህ ጊዜ ወሰዱ። መጀመሪያ ቀኑን አስነበቡ፤ የሁለት ዓመት ነው። የሚሸከመውን ክብደት ጠየቁ። ለጭቃ ብቻ የተሠራ ከሆነ አስፋልት ላይ ይጮሃል፣ ነዳጅ ይበላል፤ ለአስፋልት ብቻ ከሆነ ደግሞ ኮረት ይቀደዋል፤ መካከለኛውን ነው የምፈልገው አሉ። ሁለት አዲስ ከፊት፣ ሁለት አሮጌ ከኋላ ቢሆንስ ብላ እታለም ሃሳብ ስታቀርብ ባለሱቋ ቀድማቸው ራሷን ነቀነቀች። በአራቱም ጎማ የምትጎትት መኪና እኩል ጫማ ካላደረገች የሞተሩን ኃይል ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ዲፈረንሻሏ ይበላሻል አለች። አባቷ ወደ ድምፅዋ ዞር ብለው ፈገግ አሉ፤ የሥራ ባልደረባ ያገኙ ያህል።

«እርስዎ አይነዱም አይደል?» አለች ሴትየዋ፣ ዓይናቸውን አይታ። «ለማን ነው እንደዚህ የሚጠነቀቁት?»

«ለማላውቀው ሰው» አሏት። «ቤተሰብ አለው ብለውኛል።»

ሴትየዋ መነጽሯን አድርጋ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገችና አሥራ ስድስት ሺህ አለች። ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ ቆሟል፣ ለእኔም ይወጣልኝ ብላ ምክንያት ሰጠች። አራቱ ስልሳ አራት ሺህ ሆነ። እታለም አባቷን ወደ ጎን ይዛ «አባባ፣ ያለኝ ሃያ ስምንት ብቻ ነው» አለቻቸው። አባቷ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ፖስታ አወጡ። ፖስታውን ታውቀዋለች። የዓይን ገንዘብ ነው፤ ሌላ ከተማ ላለ ቀዶ ጥገና ሦስት ዓመት ከጡረታቸው ላይ እየቆነጠሩ ያስቀመጡት። ባለፈው ወር ሐኪሙ መዝገባቸውን ዘግቶ፣ ድምፁን አለስልሶ «አባት፣ ያንን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ያድርጉት» ብሏቸዋል። በመንገድም በቤትም ስለዚህ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። አሁን ፖስታውን እጇ ላይ አድርገው «ቁጠሪላት፤ እኔ ብሩን መለየት አልችልም» አሏት። ቆጠረች። ሠላሳ ስድስት ሺህ ስታወጣ ፖስታው ውስጥ የቀረው ለጎሚስታው የሚበቃ ብቻ ነበር።

አሮጌው ጎሚስታ ክሪኩን አስገብቶ መኪናዋን እያነሳ አንድ በአንድ ገጠመላቸው። አዲሶቹ ጎማዎች ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የላስቲክ ክሮች ተንጠልጥለዋል፤ አባቷ አንዱን ክር በጣታቸው ጠቅልለው ያዙት። ወደ ቤት ሲመለሱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር። ባዶ መንገድ ላይ ሲደርሱ «እስቲ ፍሬን ያዢ» አሏት። ያዘች። መኪናዋ ሳትወላገድ ቀጥ አለች። «እንዲህ ነው» አሉ።

ወንድሟ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። ግቢው ውስጥ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት፤ ደግሞ ዞራት። አንዱ ጎማ ጋ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን አሳረፈበትና ቆየ። «ስንት?» አላት። ነገረችው። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልተቆጣም። እንዲያውም ፊቱ ላይ ያየችው ቁጣ ሳይሆን የጠማው ሰው ውሃ ሲያይ የሚመስለውን ነገር ነው፤ ያን ጊዜ አልገባትም። «ላሳጥባት» አለ ቁልፉን እየተቀበለ፤ «ሰውየው ንጹሕ ሆና ይያት።»

አባቷ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀመጡ። እታለም ቤቱን ጠረገች፣ ጠረጴዛው ላይ ውሉ የሚፈረምበትን ቦታ አዘጋጀች፣ ወንበር ከጎረቤት ተዋሰች። ዘጠኝ ተኩል ላይ የመኪና ድምፅ ሰምታ በሩን ከፈተች። መኪናዋ ታጥባ፣ መስታወቷ ጠርቶ፣ በኮረቱ ላይ እየተንኮሻኮሸች ገባች፤ አባቷ ከበረንዳው ቀና አሉ። እታለም የበሩን መዝጊያ ልታስገባ ጎንበስ ስትል ዓይኗ ጎማው ላይ አረፈ። ያብረቀርቃል። ጥርስ አለው። ክሮቹ ግን የሉም። ጣቷን አስነካችው፤ ጥቁር ቀለም ጣቷ ላይ ቀረ። ከቀለሙ ሥር ያው እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ላስቲክ አለ። የወንድሟ መኪና ጎማዎች ናቸው፤ በየሳምንቱ እዚሁ ግቢ ሲቆሙ የምታያቸው።

ወንድሟ ከመኪናው ወርዶ አጠገቧ ቆመ። ብዙ ጊዜ ሲተያዩ እሷ ነች ዓይኗን የምትሰብረው፤ ዛሬ እሱ ሰበረ።

«ድርጅቱ ያለፈው ሳምንት መኪናዬን መርምሮ በዚህ ጎማ አትሠራም ብሎኛል» አለ። «ሰኞ ካልቀየርኩ ኮንትራቱ ይሰረዛል። ልጆቼን ምን ላብላ? እኔስ ልጁ አይደለሁም?»

«የዓይናቸው ገንዘብ ነው ወንድማለም።»

«አውቃለሁ።»

«ሰውየው ገደሉን ነው የሚወርድበት።»

«እኔም በዚሁ ጎማ ቁልቁለት ስወርድ ኖሬያለሁ። አልሞትኩም።» ከዚያ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ «አራት ዓመት ጠብታ ገዝቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሻለሁ?» አላት። አልጠየቃትም፤ እውነቱን ነው። የአንሶላ ጠጋኝ ደሞዝ የቤት ኪራዩን አልፎ ጠብታ እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቃሉ። ያኔ በሩ ተንኳኳ።

ርእሰ መምህሩ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነበር። ውሉን በእጁ ጽፎ፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ በአቃፊ ይዞ መጥቷል። ግቢው ውስጥ ጎማዎቹን አየ፣ ደስ አለው። ገብቶ፣ ከበረንዳው ወደ ቤት ለገቡት አባቷ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ከቀኛቸው ተቀመጠ። ሻይ ቀረበለት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ስለመግባቱ ተጨዋወቱ። ሦስት ሴት ልጆች አሉት፤ ትንሿን ልጅ መኪና ያዞራታልና ከፊት ነው የምትቀመጠው አለ። ወንድሟ ሳቀለት፤ ከልቡ የሚስቅ ይመስል ነበር። እታለም ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ እጇ ላይ የቀረውን ጥቁር ቀለም በቀሚሷ ትጠርግ ነበር፤ አይለቅም።

«አባቴ» አለ ሰውየው እስክሪብቶውን ከማውጣቱ በፊት፣ «ጎማ እኔ ብዙ አላውቅም። ጥሩ ነው አሉኝ። እርስዎ ካሉኝ ግን ይበቃኛል።»

አባቷ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹ፤ ፊታቸውን ልጃቸው ወደተቀመጠበት መለሱ፣ እንደገና ወደ እንግዳው መለሱት። «ዛሬ ጠዋት» አሉ ቀስ ብለው፣ «አራት አዲስ ጎማ እኔ ራሴ ነኝ መርጬ የገዛሁት።»

«በቃኝ» አለ ሰውየው። ፈረመ። እታለም የአባቷን ጣት መስመሩ ላይ አሳርፋላቸው እሳቸውም ፈረሙ። ወንድሟ በአንደኛ ምስክርነት ፈረመ። እስክሪብቶው ወደ እሷ መጣ። ሁለተኛ ምስክር እሷ ነች፤ ስሟ በርእሰ መምህሩ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ከታች ተጽፏል፣ ከስሟ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ አለ። እስክሪብቶውን ያዘች። በሕይወቷ ውስጥ ቤት ሰላም እንዲሆን የዋጠቻቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ይህም አንዱ ሊሆን ይችል ነበር። ግን ትንሿ ልጅ ከፊት ነው የምትቀመጠው።

«ውጪ ያሉት ጎማዎች» አለች፣ ወረቀቱን እያየች፣ «ጠዋት ከአባባ ጋር የገዛናቸው አይደሉም።»

ወንድሟ «ምን ታውቃለች እሷ፤ አንሶላ ነው የምታውቀው» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ርእሰ መምህሩ ተነሥቶ ወጣ፤ በመስኮቱ ሲያዩት ቁጢጥ ብሎ ጎማውን በጣቱ አሸው፣ ጣቱን አየ። ተመልሶ ሲገባ አልጮኸም። ውሉን አንሥቶ ሁለት ቦታ አጠፈው፣ አቃፊው ውስጥ ከተተው። አባቷን «እርስዎን አምኜ ነበር አባቴ» አላቸው። እሷን ሊያመሰግናት ይሁን ሊሰናበታት ራሱን ነቅንቆላት ወጣ። ቀሚሷን ጨብጣ ቆማ የአጥሩ በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማች።

ወንድሟ የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ደስ አለሽ?» አላት። «እንግዲህ ጠብታውን አንቺ ትገዢያለሽ።» ወደ አባቱ ዞረ፤ አባቱ ፊታቸውን አቀርቅረው ነበር፤ ወጣ። ሰው አስነድቶ መንገድ ዳር ያስቆማት የራሱ መኪና ስትነሣ፣ በአዲሶቹ ጎማዎች ላይ ለስለስ ብላ ስትሄድ ሰሟት።

ዝናቡ ትንሽ ቆይቶ ጀመረ፤ መጀመሪያ በቆርቆሮው ላይ ተራ በተራ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ። እታለም ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። የእንግዳው ሻይ ግማሽ ድረስ ነው የተጠጣው። አባቷ ከወንበራቸው ሳይነሡ «እታለም» ብለው ጠሯት፤ መጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ይቅርታ አባባ» አለች። «ነግሬዎት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይሉትም ነበር። ሰው ፊት አዋረድኩዎት።»

«አንቺ አይደለሽም» አሉ። ዝናቡን ትንሽ አዳመጡ። «መኪናዋ ኮረቱ ላይ ስትገባ ሰምቻለሁ። አዲስ ጎማ ኮረት ላይ ለስለስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ያኛው ደረቅ ነው፣ ይንኮሻኮሻል። ገና በሩ ላይ ሳለች አውቄያለሁ።»

እታለም መጀመሪያ ያልሰማች መሰላት። ቅድም ያሉትን ቃል በቃል በልቧ መለሰችው። ዛሬ ጠዋት፣ አራት አዲስ ጎማ፣ እኔ ራሴ መርጬ። አንድም ውሸት የለበትም። እንዲህ ያለ ንግግር ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም ነበር።

«ታዲያ ለምን?»

«ሰውየው ሲጠይቀኝ የእሱ ትንፋሽ ቆመ» አሉ፤ ልጃቸውን ማለታቸው ነው። «ልጅ ሳለ ጥፋት አጥፍቶ ስገባ እንደዚያ ነበር ትንፋሹን የሚይዘው። አልቻልኩም። አልዋሸሁም ብዬ ራሴን ላታልል ነበር።» እጃቸውን ዘርግተው የእሷን እጅ ፈለጉ፤ ስታቀብላቸው ያዙት፣ ግን አላጠበቁትም። «ደግ አደረግሽ። እኔ ነበርኩ ማድረግ የነበረብኝ።»

እጇን ለቀቋት። ሠላሳ አንድ ዓመት ማንንም ሳይጥሉ የኖሩ ሰው ዛሬ ሦስት ልጆች ሊጥሉ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ፤ ይህንንም እሷ ስላወቀችባቸው ነው መሰል ፊታቸውን ከእሷ ወደ መስኮቱ መለሱ። እሷን ለእኔስ ትንፋሼ ሲቆም ማን ይሰማልኛል ማለት አማራት፤ ግን ይህም ከሚዋጡት አንዱ ሆነ።

ውጪ ዝናቡ ጠነከረ። አባቷ ቀና ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ፤ አንዴ ወደ ቆርቆሮው፣ አንዴ ወደ መንገዱ። በመጨረሻ ከኮታቸው ኪስ ስልካቸውን አውጥተው ዘረጉላት።

«የእሱን ቁጥር ምቺልኝ» አሉ።

መታችላቸው፤ ሲጠራ ጆሯቸው ላይ አስደገፈችላቸው። ረጅም ጊዜ ጠራ። ከዚያ ተነሣ፤ ከወዲያ በኩል የመስታወት መጥረጊያ ብቻ ወዲያና ወዲህ ሲል ይሰማል። አባቷ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ገና መንገድ ላይ ነህ?» አሉ። «ስማኝ። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ያንሸራትታል፤ ከፋብሪካ የሚወጣበት ቅባት አለው። ላዩ ተፍቆ እስኪጠፋ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቀስ እያልክ ንዳ። በተለይ ዝናብ ላይ። ፍሬን በድንገት አትያዝ።» ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዞሩት። «ጎማው ጥሩ ነው። እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

መጥረጊያው ወዲያና ወዲህ አለ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ አባቷ ግን ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ቆዩ።